የባሕር ዓሣ በጠባብ ቤት



በጅዳ በጠባብ አፓርታማ የሚኖሩ ወዳጆቻችን፣ ልጆቻቸው የባሕር ዓሣ ቤት ውስጥ እናሳድግ ብለው ቢያስቸግሯቸው፣ «ቦታውም ገንዘቡም ጥቂት ነው፤ ምን ይሻላል?» ሲሉ ጠየቁን።

ነገሩ በራሱ ነውር የለበትም። ትንሹ አቡ ዑመይር ወፍ እንደነበረችውና ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ወፊቱ በፍቅር እንደጠየቁት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት መቀጣቷም እንዲሁ ተዘግቧል። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ያስወጣል?» ብቻ ሳይሆን «አማናውን እንችለዋለን ወይ?» ነው።

ብዙዎች ገንዳው ባነሰ ቁጥር የሚቀል ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ጥቂት ውኃ ቶሎ ይሞቃል፤ ቶሎም ይበከላል። ውኃው ሲተን ጨው ስለሚቀር ጨዋማነቱ ይጨምራል። ስለሆነም በየቀኑ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለበት ንጹሕ ውኃ ነው።

ለጀማሪ ከ60 ሊትር ባያንስ እንመክራለን። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 30፣ ከፍታው 35 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ውኃው ብቻ 60 ኪሎ ስለሚመዝን ጠንካራ መቆሚያ ያስፈልገዋል። ገንዘባችሁን ከዓሣው በፊት ለፓምፕ፣ ለቴርሞሜትር፣ ለጨው መለኪያና ለውኃ መመርመሪያ አውሉት። ለአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ለዓሣ ገንዳ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይገባል፤ የወጥ ቤት ጨው አይሆንም።

ከዚያ ሰብር ነው! ጥቂት የዓሣ ምግብ እየተጨመረበት ገንዳው ያለ ዓሣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ከዓሣ ኩስ የሚወጣውን አሞኒያ የሚያከሽፉት ባክቴሪያዎች የሚራቡት በዚህ ጊዜ ነው። እኛም ይህን ሳናውቅ ለተማሪዎቻችን በገዛነው የጣፋጭ ውኃ ገንዳ ዓሣዎቹን በዕለቱ ጨምረን በአራተኛው ቀን ሞተው አገኘናቸው። ልጆቹ «ማን ገደላቸው?» ሲሉን የምንመልሰው አጣን።

አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲሆኑ፣ በእርባታ የተገኙ ሁለት ክላውን ፊሾች ይበቃሉ፤ ልጆች «ኒሞ» የሚሏቸው ናቸው። ሰማያዊዋ «ዶሪ» እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስለምታድግ ትቅር። በየሳምንቱ 6 ሊትር ውኃ መለወጥም አይረሳ።

ክላውን ፊሽ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ለዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ ማን ይጠብቃቸዋል? ከመግዛታችሁ በፊት ቤተሰቡ ተቀምጦ በዚህ ይመካከር። መልስ ከታጣ ግን ቀይ ባሕር ደጃችሁ ነው፤ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱና የአላህን (ሱ.ወ.) ፍጥረት በቦታው ተመልከቱ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።