የተሽከርካሪ የአየርና የሙቀት ሲሙሌሽን ከአባይ በረሃ መንገድ አንጻር ሲታይ

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ከተደረገ ወዲህ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚሽከረከሩ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር በግልጽ እየጨመረ መምጣቱ ይታወቃል። ከውሳኔው ጋር ተያይዞ በየመድረኩ የሚነሳው ውይይት በአብዛኛው የኃይል መሙያ ጣቢያዎችን፣ የመለዋወጫ ዕቃዎችንና የባትሪ ዋጋን የሚመለከት ነው። ከእነዚህ ባልተናነሰ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባ፣ ነገር ግን እምብዛም የማይነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ሻጩ በአንድ ሙሌት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ ባትሪውም አይግልም ሲል የሚያቀርበው ማረጋገጫ የተሰላው በየትኛው አየርና በየትኛው መንገድ ላይ ነው?

የርቀቱን ቁጥር በተመለከተ መልሱ በአንጻራዊነት ግልጽ ነው። ወደ አገራችን ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች አብዛኞቹ በቻይና የተመረቱ ሲሆኑ፣ ቻይና የምትጠቀምበት የጉዞ መለኪያ ሲኤልቲሲ በመባል ይታወቃል። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛው ደግሞ 114 ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአውሮፓ ሥራ ላይ የዋለው ደብልዩኤልቲፒ በአንጻሩ በአማካይ 46.5፣ በከፍተኛ ደረጃ 131 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት ያው መኪና በአውሮፓው መለኪያ ሲመዘን የሚያስመዘግበው ርቀት ያጥራል። ሁለቱም መለኪያዎች መኪናው በቤተ ሙከራ ውስጥ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ቆሞ የሚካሄዱ ናቸው። ዳገት የላቸውም።

የሙቀቱ ጉዳይ ግን እንዲህ ባለ አንድ ቁጥር የሚገለጽ አይደለም። አምራቾች ናሙና መኪና ከመሥራታቸው ከብዙ ወራት በፊት አየሩ በመኪናው ዙሪያና በኮፈኑ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ሙቀቱም ከየት ወዴት እንደሚሄድ በኮምፒውተር ያሰላሉ። ሲሙሌሽን የሚባለው ይኸው ሲሆን፣ የሥራው መሠረት ባለሙያዎች ሜሽ ብለው የሚጠሩት የስሌት መረብ ነው። የአየርን እንቅስቃሴ የሚገዙት እኩሌታዎች ለአንድ ሙሉ መኪና በአንድ ጊዜ ሊፈቱ የማይችሉ በመሆናቸው፣ በመኪናው ዙሪያ ያለው ቦታ ሁሉ በሚሊዮን ወደሚቆጠሩ ጥቃቅን የመረብ ዓይኖች ይከፋፈላል። በእያንዳንዱ ዓይን ውስጥ ፍጥነት፣ ግፊትና የሙቀት መጠን ይሰላል። ዓይኑ ሲሰፋ ስሌቱ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ሰፊ ዓይን ያለው ወንፊት ደቃቁን እንደሚያሳልፍ ሁሉ፣ ከዓይኑ ያነሰ የአየር ሽክርክሪት ሁሉ ከስሌቱ ያመልጣል።

በተግባር ሲታይ የሥራው አስቸጋሪ ክፍል ከኮምፒውተሩ ስሌት በፊት ያለው ነው። ከዲዛይን ክፍል የሚመጣው የመኪና ቅርጽ በሺህ የሚቆጠሩ ክፍሎች ያሉት፣ በበሮቹ ጠርዝና በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ክፍተት የሞላበት ነው። አየሩ ማለፍ በማይገባው ቀዳዳ ሾልኮ ስሌቱን እንዳያበላሽ ቅርጹ እንደ ሸማ በአንድ ወጥ ገጽ ይሸፈናል። ከዚያም መኪናው በአንድ ትልቅ ምናባዊ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ከኋላው የሚተወው ቦታ ከፊት ለፊቱ ካለው በብዙ ይበልጣል፤ ምክንያቱም መኪናው አየሩን ቀድዶ ካለፈ በኋላ የሚፈጠረው ሁከት ርቆ የሚሄድ ነው። መንገዱ ከመኪናው ሥር ወደ ኋላ መንቀሳቀስ፣ ጎማዎቹም መሽከርከር ይኖርባቸዋል። ጎማና የጎማ ቤት ብቻውን ከጠቅላላው የአየር ተቃውሞ እስከ ሩብ የሚደርስ ድርሻ ሊኖረው ስለሚችል ይህን መተው አይቻልም። በስፖኪዮው፣ በፊተኛው መስታወት ጠርዝና በጎማዎቹ አካባቢ የመረቡ ዓይን ወደ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጠባል፤ ራቅ ሲል እየሰፋ ይሄዳል። ዓይኑን በሁሉም አቅጣጫ በግማሽ ማሳነስ የዓይኖቹን ቁጥር 8 እጥፍ ያደርገዋል። ፍሰቱ በጊዜ ውስጥ የሚከታተል ስሌት ከሆነ የጊዜው እርምጃም አብሮ ማጠር ስላለበት ሥራው ወደ 16 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ መረብ ማዘጋጀት ማለት የት ማጥበብ፣ የት ማስፋት እንደሚገባ መወሰን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ ማንሳት ተገቢ ይሆናል። ለአየር ተቃውሞ የተዘጋጀ መረብ ለሙቀት ስሌት ይበቃል ማለት አይደለም። የአንድ መኪና የአየር ተቃውሞ በአብዛኛው የሚመጣው በፊትና በኋላ ካለው የግፊት ልዩነት ሲሆን፣ ይህን በመጠኑ ሰፋ ያለ መረብም ሊይዘው ይችላል። ሙቀት ግን ከብረቱ ወደ አየሩ የሚሻገረው ከአካሉ ጋር ተጣብቆ በሚሄደው እጅግ ስስ የአየር ንብርብር በኩል ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ መኪና ይህን ንብርብር እስከ ገጹ ድረስ ለማስላት፣ የመጀመሪያው የመረብ ዓይን ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ብዙም ያልራቀ ውፍረት ሊኖረው ይገባል። ይህ ካልሆነ ስሌቱ በግምታዊ ቀመር ይሸፈናል። የተቃውሞው ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ የባትሪው ሽፋን ወይም የፍሬኑ የሙቀት መጠን በብዙ ዲግሪ ሊሳሳት የሚችለው ከዚህ የተነሳ ነው። የአየር ተቃውሞን ብቻ የሚያሰላ ባለሙያ የፊተኛውን የአየር ማስገቢያ ዘግቶ ሊሠራ ይችላል፤ ሙቀት የሚያሰላው ግን ከፍቶ ራዲያተሩን፣ ቬንትሌተሩንና የባትሪውን ማቀዝቀዣ ሰሌዳ ሁሉ ማስገባት ግዴታው ነው። የራዲያተር ቅጠሎችን አንድ በአንድ በመረብ መሸፈን ስለማይቻል ራዲያተሩ አየር እንደሚያሳልፍ ስፖንጅ ይወሰዳል፤ የሚያሳድረው ተቃውሞም በቤተ ሙከራ ከተለካ ሰንጠረዥ ይገባል። ሰንጠረዡ የተሳሳተ ከሆነ የቱንም ያህል ደቃቅ መረብ አያድነውም።

የመስኩ ታሪክ ራሱ ጥንቃቄን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1984 አህመድና ባልደረቦቹ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ4 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ መኪና ለማለት እንኳ የሚያስቸግር ደብዛዛ ሳጥን ሠርተው በነፋስ ዋሻ ውስጥ ፈተኑ። የሳጥኑ የኋላ ጣሪያ ወደ 30 ዲግሪ ሲያዘነብል የአየሩ ፍሰት በድንገት ይለወጣል፤ ተቃውሞውም አብሮ ይዘላል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የ25 ዲግሪው ሳጥን ለበርካታ የስሌት ዘዴዎች ፈተና ሆኖ ቆይቷል። ወደ እውነተኛ መኪና ለመቅረብ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከአውዲና ከቢኤምደብልዩ ጋር ድራይቭኤር የተባለውን ሞዴል አዘጋጅቶ ቅርጹን ለሁሉም ክፍት አደረገ። ፎርድ በበኩሉ የኮፈን ውስጥ ፍሰት የሚያልፍበትን ዓይነት ጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የዚሁ ሞዴል 500 የተለያዩ ቅርጾች፣ እያንዳንዳቸው ከ100 ሚሊዮን በላይ ዓይን ባለው መረብ ተሰልተው በነጻ ተለቀዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከአገራችን ጋር ምን ያገናኘዋል ቢባል፣ መልሱ የአየሩ እፍጋት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የአየሯ እፍጋት በኪዩቢክ ሜትር 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል መሆኑ ነው። ለርቀት ሲታይ መልካም ዜና ነው። መካከለኛ የቤት መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ አየሩን ለመቅደድ በባሕር ወለል 8.5 ኪሎ ዋት ያህል የሚያስፈልገው ከሆነ፣ እዚህ ከ6.5 ኪሎ ዋት ባነሰ ይበቃዋል። ለማቀዝቀዣው ግን ተቃራኒው እውነት ነው። ቬንትሌተሩ የሚገፋው የአየር መጠን ባይቀንስም ክብደቱ በሩብ ስለሚቀንስ፣ በእኩል የሙቀት ጭማሪ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በተለይ መኪናው ቆሞ በፈጣን መሙያ ኃይል ሲሞላ ከቬንትሌተሩ በቀር አየር የሚያንቀሳቅስ የለም። የደጋው አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ ጉዳቱን በከፊል እንደሚያካክሰው መካድ አይቻልም። መረቡን በተመለከተም ለውጥ አያሻም፤ ለባሕር ወለል የተሠራ መረብ ለደጋው ያገለግላል፤ መቀየር ያለበት የአየሩ ባሕርይ ብቻ ነው። ይህ በአንድ የሥራ ቀን የሚያልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጠያቂ ከሌለ ማንም አይሠራውም።

እውነተኛው ፈተና ያለው ሙቀት፣ ዳገትና ስስ አየር በአንድ ላይ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የአባይ በረሃ መንገድ የሚያውቅ አሽከርካሪ ይህን ለመረዳት ሲሙሌሽን አያስፈልገውም። ከሸለቆው ግርጌ ሞቃት አየር ተነስቶ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። 1 ሺህ 800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ለእያንዳንዱ 1 ሺህ ሜትር ከፍታ ወደ 4.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል መንኮራኩሮቹ ላይ ማድረስ አለበት። ሕዝብ የጫነ ሚኒባስ ከሆነ ደግሞ እንደ ክብደቱ ይጨምራል። ጠመዝማዛው መንገድ ፍጥነቱን ስለሚገድበው በፊተኛው ማስገቢያ የሚገባው አየር ጥቂት ነው፤ ሞተሩና ባትሪው ግን ሳያርፉ ይሠራሉ። ቁልቁለቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ባትሪው ሞልቶ ወደ ሸለቆው የሚወርድ መኪና ከመንኮራኩሮቹ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለማይኖረው ሸክሙ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ታላላቆቹ አምራቾች ለዚህ ዓይነቱ ፈተና መኪናቸውን ወደ አሜሪካው የሞት ሸለቆ ወይም ወደ ኦስትሪያው ግሮስግሎክነር ተራራ ሲወስዱ የቆዩ ናቸው።

በአገር ውስጥ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን የሚገጣጥሙ ድርጅቶች ይህን ጉዳይ የአቅራቢው ኃላፊነት ብቻ አድርገው ማየት የለባቸውም። ተሽከርካሪው እዚህ ከደረሰ በኋላ የሚደረግበት ለውጥ ጥቂት አይደለም። ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ ይጫናል፤ ከፓራውልቱ ፊት የብረት መከላከያ ይገጠማል፤ የኋለኛው የአየር ማስገቢያውን በከፊል የሚዘጋ ሊሆን ይችላል። አውሮፓውያን በደብልዩኤልቲፒ ደንብ ገዢው የመረጠው ቸርኬ እንኳ በመኪናው የኃይል ፍጆታ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ እንዲሰላ ሲያስገድዱ፣ በተወሰኑ ሁኔታዎች ይህን በሲሙሌሽን ማስላትንም ፈቅደዋል። በእኛ በኩል ቢያንስ በግዥ ውል ውስጥ አቅራቢው የሙቀት ስሌቱን ያካሄደበትን የአየር እፍጋት፣ የዳገት መጠንና ፍጥነት እንዲገልጽ መጠየቅ ከባድ ሊሆን አይገባም።

ስሌቱን ራሳችን እናካሂድ ብንል ደግሞ መሣሪያው ውድ ነው የሚለው ምክንያት እንደ ቀድሞው አያሳምንም። ኦፕንፎም የተባለው የፍሰት ማስሊያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ ከ2008 ወዲህም የራሱ መረብ አዘጋጅ ክፍል አለው። እንደ ልምድ ለእያንዳንዱ ሚሊዮን ዓይን ከ1 እስከ 2 ጊጋ ባይት የኮምፒውተር ማስታወሻ ስለሚበቃ፣ 20 ሚሊዮን ዓይን ያለው መረብ ልዕለ ኮምፒውተር ሳያስፈልገው በአንድ ጠንካራ የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ ይችላል። ይህ መጠን ለመጨረሻ ማረጋገጫ አይበቃም፤ አንድ የብረት መከላከያ የራዲያተሩን አየር ምን ያህል እንደሚቀንስ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ተማሪው በድራይቭኤር ጀምሮ ውጤቱን ከታተመው ልኬት ጋር እያስተያየ እጁን ሊያፍታታ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት በየመቶ ሜትሩ መለካት፣ በሸለቆው ግርጌ በቀትር ያለውን የአየር ሙቀት መመዝገብ፣ ከአቅራቢው ደግሞ የራዲያተሩን ሰንጠረዥና የተሽከርካሪውን ቅርጽ መረከብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእኛ እጅ ያሉ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው በውሉ ላይ ከወዲሁ ካልተጻፈ በኋላ የሚገኝ አይደለም።