ለጌታ እየሮጥን ከጌታ ስንርቅ

በቤተ ክርስቲያናችን አንድ አገልጋይ «ደክሞኛል» ቢል መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ «ነፍሳት እየጠፉ ነው፤ ለማረፍ ሰማይ አለልን» እንለዋለን። አባባሉ መንፈሳዊ ይመስላል፣ አሜንም ያሰኛል። እኛም ከመድረክ ላይ ደጋግመን ብለነዋል። ዛሬ ግን ይህ አባባል ስሕተት ነው፣ ብዙ አገልጋዮችንም ጎድቷል ብለን ልንጽፍ ተነሥተናል። የምንጽፈው እንደ ከሳሽ አይደለም፤ ከተከሳሾቹ መካከል ነን።

ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ወንጌላዊ በወንጌል ሥርጭት ኮሚቴያችን ፊት ቀረበ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሦስት የወንጌል ጣቢያዎችን በእግሩ እየዞረ የሚያገለግል፣ ሪፖርቱ አንድም ቀን ያልዘገየ ልጅ ነበር። ብዙ አላወራም። «አባቶቼ፣ እሰብካለሁ፣ ሰውም ይነካል፤ እኔ ግን ጌታን ካገኘሁት ቆይቻለሁ» አለን። ለአንድ ወር ወደ ጸሎት ስፍራ እንድንለቀው ጠየቀ። እኛም እጃችንን ጭነን ዐሥር ደቂቃ ያህል ጸለይንለት፤ ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚመለከት ሰው ጥቅስ አነበብንለት፤ ሪፖርቱ መልካም ስለ ነበረ ደግሞ አራተኛ ጣቢያ ጨመርንለት። ዓመት ተኩል አልቆየም፣ አገልግሎቱን ተወ። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጅ መንዳት የተከበረ እንጀራ ነው፤ እሱ አይደለም የሚያሳዝነን። እሑድ የትኛውም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አይደርስም።

ጥፋታችን የሥራ ጫና ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ጣቢያ መቀነስ በበቃ ነበር። ልጁ ግን የነገረን ስለ ጌታ ነበር። እኛ ስለ ጣቢያ መለስንለት።

ማርቆስ ጌታ ዐሥራ ሁለቱን የመረጠበትን ምክንያት ሲጽፍ (ማር. 3፥14-15) ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ከእርሱ ጋር እንዲኖሩ ነው፤ እንዲሰብኩ መላካቸውና በአጋንንት ላይ ሥልጣን መቀበላቸው ከዚያ በኋላ ይመጣል። በነገረ መለኮት ኮሌጅ ይህን ክፍል ተምረነዋል፤ ተፈትነንበትም ጥሩ ውጤት አምጥተናል። ከተመረቅን በኋላ ግን የመጀመሪያውን ዘለን ከሁለተኛው ጀመርን፤ እንዲያውም አንዳንዶቻችን በሦስተኛው ብቻ ታወቅን።

የማርታንና የማርያምን ታሪክ የማያውቅ አማኝ የለም። ይሁን እንጂ ታሪኩ የሚገኝበትን ምዕራፍ ሙሉውን የምናነብ ጥቂቶች ነን። ሉቃስ 10 የሚጀምረው ጌታ ሰባውን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልክ ነው፤ ይህ የወንጌል ተልእኮ ምዕራፍ ነው። መከሩ ብዙ፣ ሠራተኞች ጥቂቶች መሆናቸውም እዚሁ ተነግሯል። ሰባዎቹ ሪፖርታቸውን ይዘው በደስታ ተመለሱ፤ አጋንንት ተገዝተውላቸዋል። ጌታ ሪፖርቱን አልናቀም፤ ደስታቸውን ግን ከዚያ ላይ አንሥቶ ስማቸው በሰማይ ወደ መጻፉ አዞረው። ቀጥሎ በመንገድ የቆሰለውን ሰው ያነሣው ደጉ ሳምራዊ ይመጣል፤ ስለዚህ ምዕራፉ ሥራን የሚቃወም አይደለም። ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ምዕራፉ የሚዘጋው በአንድ ቤት ውስጥ፣ በጌታ እግር አጠገብ በተቀመጠች ሴት ነው። የሚቀጥለው ምዕራፍ ደግሞ ጌታ ራሱ ሲጸልይ ይከፈታል። ሉቃስ ይህን ያለ ምክንያት እንዲህ አስቀምጦታል ብለን አናምንም።

ማርታን ደግሞ ልብ ብለን እንያት። ምግቡ ለማን ነበር? ለኢየሱስ ነው። ዓለማዊ ነገር ስታሳድድ አልነበረም። ሆኖም ባልተቀመጠችበት ቤት ሥራው ወደ ምን እንዳመራት ተመልከቱ፤ እኅቷን ከሰሰች፣ ጌታን «ግድ የለህምን?» ወደ ማለት ደረሰች፣ በመጨረሻም ምን ማለት እንዳለበት ለጌታ ትእዛዝ ሰጠች። ይህን ሥዕል በየአጥቢያው እናውቀዋለን። ሳይቀመጥ የሚያገለግል ሰው የማያገለግሉትን መቁጠር ይጀምራል። ከዚያ በጌታ ያዝናል። ከዚያ ጌታን ማዘዝ ይመጣል፤ እኛ ይህን አንዳንዴ «የእምነት ጸሎት» እንለዋለን።

«አገልግሎቱ ራሱ ከጌታ ጋር መሆን ነው» የሚሉን ወገኖች አሉ። መልካም በሆነ ነበር። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስን የምንከፍተው ስብከት ፍለጋ ብቻ ከሆነ፣ የምንጸልየው ማይክራፎን ሲሰጠን ብቻ ከሆነ፣ የምናለቅሰው መዘምራን ሲዘምሩ ብቻ ከሆነ፣ ለድግስ እንጀራ ስትጋግር ውላ ጦሟን እንዳደረች ሴት ነን። እጃችን ሊጥ ሊጥ ይላል፤ ሆዳችን ባዶ ነው። የኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን (ራእ. 2፥1-5) ሥራ ነበራት፣ ድካም ነበራት፣ ትዕግሥት ነበራት፣ ሐሰተኛ ሐዋርያትን የምትለይበት ትምህርትም ነበራት። የእኛ ዓመታዊ ጉባኤ ቢሆን ኖሮ የምስጋና ወረቀት ይሰጣት ነበር። ጌታ ግን የቀደመውን ፍቅሯን ስለ ተወች መቅረዟን ሊወስድ እንደሚችል አስጠነቀቃት።

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር የነፍሳት ነገር ነው። ሰዎች በእርግጥ እየጠፉ ነው፤ ይህን አናቃልልም። ግን ከጌታ በላይ ለነፍሳት የራራ ማን ነው? በቅፍርናሆም ሌሊቱን ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ወጣ። ጴጥሮስና ከእርሱ ጋር የነበሩት ተከትለው አገኙትና ሁሉም እንደሚፈልጉት ነገሩት (ማር. 1፥35-38)። ከተማው በሙሉ በደጅ ቆሟል፤ የእኛ ኮሚቴ ቢሆን ሳምንት ያስረዝም ነበር። እርሱ ግን ወደ ሌሎች መንደሮች እንሂድ አለ። የሚሄድበትን የወሰነለት የሕዝቡ ፍላጎት አልነበረም፤ ከአባቱ ጋር የነበረው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የዘለለ አገልጋይ የሚመራው በጠራው ሁሉ ነው። ስልኩ ይመራዋል።

በተልእኮ ታሪክ ስሙ የገነነው ሃድሰን ቴይለር የቻይና የውስጥ አገር ሚሲዮንን የመሠረተው በ1865 እ.ኤ.አ. ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1869፣ ይህ ሰው በውስጡ ተሰብሮ ነበር። ሥራው ሰፍቷል፣ ኃላፊነቱ ከብዷል፤ እርሱ ግን በየዕለቱ እንደ ወደቀ ይሰማው ነበር። ይበልጥ ለመጸለይ፣ ይበልጥ ለመትጋት ታገለ፤ አልሆነም። የለወጠው ከአንድ የሥራ ባልደረባው የደረሰው ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው በራስ ትጋት ለመቅረብ መፍጨርጨርን ትቶ በታማኙ በክርስቶስ ላይ ስለ ማረፍ የሚናገር ነበር። ቴይለር ከዚያ በኋላ ሥራውን አልተወም፤ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቀጠለ። ይህን የምናነሣው በተለይ ለእኛ ለመሪዎች ነው፤ የጥሞና ጊዜን እንኳ ሌላ የሥራ ድርሻ አድርገን በወንጌላውያን ጫንቃ ላይ ልንጭነው እንችላለንና።

«እንግዲያው እንቀመጥ» ለሚሉ ሰነፎች ብዙ ቃል አናጠፋም። በዮሐንስ 12፥2 ማርታ እንደገና ታገለግላለች። ጌታ ማዕድ ቤቷን አልዘጋባትም። ያን ጊዜ ግን ክስ ከአፏ አልተሰማም።

ከራሳችን አገር ታሪክ አንድ ነገር እንጨምር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1937 እ.ኤ.አ.፣ የሱዳን የውስጥ አገር ሚሲዮን ሰዎች ከወላይታ እንዲወጡ ሲደረግ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞችን አገኙ። ቁጥርን ስንነቅፍ ቆይተን በቁጥር መከራከራችን ሊያስቅ ይችላል። ቢሆንም በእነዚያ ዓመታት በጀት አልነበረም፣ ኮንፈረንስ አልነበረም፣ በቋንቋቸው የነበራቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍልም ጥቂት ነበር። ተገርፈዋል፣ ታስረዋል። ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም፤ መንደር ለመንደር ዞረው መስክረዋል። ግን ሲያዝኑ የሚጽፉለት ዋና ቢሮ ስላልነበራቸው ለጌታ ነገሩት።

የዚያ ትውልድ ልጅ በሆኑ አንድ አባት ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት አድረን ነበር። የሄድነው ለሦስት ቀን ኮንፈረንስ ነው። ሌሊት ዐሥር ሰዓት ገደማ በር ሲከፈት ሰማን፤ ሽማግሌው እንሰታቸው መካከል ገብተው ይጸልዩ ነበር። ጠዋት ቡና ቀርቦ «ልጆቼ፣ ጌታ ዛሬ ምን አላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ከመካከላችን አንዱ የቀኑን ፕሮግራም ያስረዳቸው ጀመር፤ ጠዋት ማን እንደሚሰብክ፣ ከሰዓት በኋላ የትኛው ኳየር እንደሚዘምር። ሳያቋርጡ አዳመጡትና «ይሄ እናንተ ለጌታ የነገራችሁት ነው። ጌታስ ምን አላችሁ?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ቡናችንን ጠጣን።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ላላችሁ አንባቢዎችም አንድ ቃል አለን። እኛን አይታችሁ ክርስትና ማለት ከስብሰባ ወደ ስብሰባ መሮጥ ነው ብላችሁ ከሆነ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃችኋለን። ኢየሱስ የሚጠራችሁ መጀመሪያ ወደ ራሱ ነው። የሥራ ሰው ጎድሎት አይደለም።

ዘንድሮ ኮሚቴያችን አንድ ውሳኔ አሳልፏል። ወንጌላውያኖቻችን በየወሩ አራት ቀን ከስብከትም ከሪፖርትም ነፃ ይሆናሉ፤ ደመወዛቸውም አይነካም። ክርክሩ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። «ተቀምጠው ሊከፈላቸው ነው ወይ?» ያሉ ነበሩ። በሪፖርቱ ቅጽ ላይ «በጸሎት ያሳለፉት ሰዓት» የሚል ዓምድ ይጨመር የሚል ሐሳብም ቀረበ፤ ሳንቀበለው ቀረን። በዚያ ዓምድ ላይ ማን ምን ያህል እንደሚሞላ ከወዲሁ ታይቶን ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከኮሚቴው ሁለታችን ያን ልጅ ፍለጋ ባጃጆቹ ወደሚሰለፉበት ቦታ ሄድን። ተራ እየጠበቀ አገኘነው። ሲያየን ደነገጠ። ያን ቀን ሳንሰማው እንደ ሸኘነው ነግረን ይቅርታ ጠየቅነው። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ሪፖርት የቀረብኝ መስሎኝ ነበር» ብሎ ሣቀ። ተራው ደርሶ ነበርና ብዙ አላወራንም። በመጪው ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ ቡና ልንጠጣ ተቀጣጥረናል።