ከጉልበት በፊት ዕውቀት

የገላ መታጠቢያ ክፍላችሁ የመስተዋት በር ጉም የለበሰ መስሎ ሲታያችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ሰው በአሸዋ ወይም በሽቦ ይፈትገዋል። ይህ ግን መስተዋቱን ይጭረዋል እንጂ አያጠራውም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የጉሙ መነሻ ነው።

ድሬዳዋን በመሳሰሉ ከተሞች የከርሰ ምድሩ ውሃ ብዙ ካልሲየም አለው። ጠብታው ሲደርቅ ውሃው ይተናል፤ ነጩ ዝቃጭ ግን መስተዋቱ ላይ ይቀራል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የምታዩት ቅርፊትም ይኸው ነው። ይህን የሚያሟሟው ጉልበት ሳይሆን አሲድ ነው። ስለሆነም ጨርቅ በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ ነክራችሁ በሩን አርጥቡት፤ ሩብ ሰዓት ያህል አቆይታችሁ በውሃ አለቅልቁት፤ በደረቅ ጨርቅም ወልውሉት።

ይሁን እንጂ ዕውቀት የጎደለው ትጋት አደጋ ያስከትላል። «ይበልጥ ያነጣል» ብሎ ኮምጣጤን ወይም ሎሚን ከበረኪና ጋር የሚቀላቅል ሰው፣ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራል። ሁለቱን ከቶ አትቀላቅሉ።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት የቤት ጽዳት ጉልበት ብቻ የሚጠይቅ ተራ ሥራ ተደርጎ ሊናቅ አይገባም። በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ የተማራችሁት ትምህርት ሥራ ላይ የሚውለው በዚህ ነው። ከሁሉ የሚቀለው መፍትሔ ደግሞ ከታጠባችሁ በኋላ ጠብታውን ሳይደርቅ መጥረግ ነው።