አባባን «አርፈው ይቀመጡ» አንበላቸው

አንድ ትልቅ ሰው ቤታችን ውስጥ አንዴ ከወደቀ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ። ከሥራው እናስቆመዋለን፣ ወንበር አምጥተን «በቃ አባባ፣ አርፈው ይቀመጡ» እንላለን። ውኃውም ምግቡም ካለበት ይቀርብለታል። አክብሮት ነው፣ ማንም ክፉ አስቦ አያደርገውም። ግን ሁለተኛውን መውደቅ የሚያመጣው ይሄው መቀመጥ ነው ባይ ነኝ።

ሚዛን መጠበቅ የዓይን፣ የውስጠኛው ጆሮ፣ የእግርና የጡንቻ የጋራ ሥራ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሁሉም ይደክማሉ፤ ቁጭ ሲባል ደግሞ ይብሳል። የወደቀ ሰው ይፈራል፣ ሲፈራ አይንቀሳቀስም፣ ካልተንቀሳቀሰ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ከዚያ እንደገና ይወድቃል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው በመውደቅ ይሞታል። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ደግነቱ መከላከያው ብር አይጠይቅም። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ግምገማ፣ የሚዛን ልምምድ የአረጋውያንን መውደቅ በሩብ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ድርጅቱም በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ እንዲሠራ ይመክራል።

«ሽማግሌ ደግሞ ስፖርት ይሠራል እንዴ? ሰው ይስቃል» የሚል አይጠፋም። ጥር 23 እንጅባራ ላይ በአገው ፈረሰኞች በዓል ኮርቻ ላይ ቀጥ ብለው በሚጋልቡ አባቶች ማን ይስቃል? እንኮራባቸዋለን እንጂ! ሁሉም ፈረስ ይጋልብ ማለቴ አይደለም፤ ሚዛን የሚቆየው ሲሠራበት ነው ለማለት ነው።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ይሄ ነው፦

👉 ግድግዳ ወይም የበር መቃን ይዞ በአንድ እግር 10 ሰከንድ መቆም፣ ከዚያ በሌላው
👉 ከማይነቃነቅ ወንበር 10 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ከተቻለ በእጅ ሳይደገፉ
👉 ግድግዳ ይዞ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት እያስነኩ መራመድ

ሁልጊዜ አጠገባቸው ሰው ይቁም። ሲነሱ የሚያዞራቸው ወይም በቅርቡ ወድቀው የተጎዱ ከሆነ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታዩ። ደግሞ የክረምቱን ጭቃ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ እናውቀዋለን፤ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ ጠጠር እናልብስ፣ ማታ መብራት አይጥፋ።

«ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ፣ ለመላላጥ» ይባል የለ? እንግዲያው ሳይወድቁ በፊት ነው መንቀሳቀሱ። ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ማታ ለአያታችሁ ወንበር ከማቅረባችሁ በፊት እጃቸውን ይዛችሁ ትንሽ አቁሟቸው።