ሐኪሙ ቀድሞ ይጠይቅ

ስትሮክ መትቶት የተረፈ ሰው ለክትትል ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይደለም። በባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ይሁን በጥበበ ጊዮን፣ ልጁ ወይም ወንድሙ ደግፎት ይገባል። ሐኪሙ የደም ግፊቱን ለክቶ «ኪኒኑን በትክክል እየወሰዱ ነው?» ይላል። በልጁ ፊት ከ«አዎ» ሌላ ምን ይመልስ? ኪኒኑን ከጀመረ ወዲህ ከባለቤቱ ጋር መገናኘት እንዳቃተው፣ በዚህም የተነሳ በድብቅ እንደተወው በምን አፉ ይናገር?

ይህን ዝምታ ጨዋነት ነው ብዬ አልቀበለውም፤ ሰው ይገድላል። ግፊቱ ካልተያዘ ስትሮኩ ሊመለስ ይችላል። አቴኖሎል የተባለውን የግፊት ኪኒን በድንገት ማቆም ደግሞ በራሱ ለልብ አደጋ ነው።

መድኃኒቶቹ ወሲብን በማወክ ረገድ አንድ አይደሉም። የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ እንዲሁም አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ስንፈተ ወሲብ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ስፓይሮኖላክቶን የአንዳንዱን ወንድ ጡት ያሳብጣል። ለድባቴ የሚታዘዘው ፍሉኦክሰቲን ፍላጎት ሊቀንስ፣ የዘር መፍሰስን ሊያዘገይ ይችላል። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ግን በዚህ እምብዛም አይታሙም፤ አስፕሪንም እንዲሁ። እንግዲህ ሐኪሙ ካወቀ የሚለውጠው አያጣም።

ጥፋቱ ሁሉ የኪኒን አይደለም። ስትሮኩ ራሱ፣ ስኳር፣ የጠበበ የደም ሥር፣ «ድጋሚ ይጥለኛል» የሚል ፍርሃትም አለ። ኪኒኑ ይጎዳኛል ብሎ መስጋትም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የጣሊያን ጥናት 96 የልብ ሕሙማን ወንዶችን አቴኖሎል አስጀምሮ ነበር። የሚወስዱት ምን እንደሆነ ካልተነገራቸው መካከል ችግሩ የገጠማቸው 3 በመቶ ገደማ ናቸው፤ ስሙንም ጉዳቱንም ከሰሙት ግን 31 በመቶ። ታዲያ ዝም ይባል? በፍጹም። ለበሽተኛው የሰፈር ወሬ ከሐኪሙ ቀድሞ ነግሮታል፤ የሚጎድለው «ቢያስቸግርዎ እንለውጠዋለን» የሚለው ቃል ነው። ያን ያልሰማ ሰው ነው ቪያግራ በድብቅ ገዝቶ የሚውጠው፤ ለልብ ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ከሆነ ግፊቱ እስከ ሞት ሊወርድ ይችላል።

ባሕር ዳር ሐኪምና ፋርማሲስት የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። እዚህ ፔዳ የምንኖር ሰዎች ከዚህ ዩኒቨርሲቲ የምንጠይቀው ውድ መሣሪያ አይደለም። ተማሪው ግፊት መለካትን ሲማር፣ አስታማሚውን በትሕትና «አንድ ጊዜ ውጭ ይጠብቁን» ማለትንም ይማር፤ በሽተኛው ከፈቀደ ባለቤቱ አብራው ትቆይ። ከዚያ በሩን ዘግቶ፣ ሰውየው ሳያነሣው፣ እርሱ ራሱ ይጠይቅ።

ከፔዳ፣ ባሕር ዳር