ኪቦርድ ስትገዙ ድምፅ አትቁጠሩ

«በርካሽ ኪቦርድ ሙዚቃ አይለመድም» የሚባል ነገር ሰልችቶኛል። በዚህ ወሬ የተነሳ ስንቱ ወላጅ የዕቁብ ብሩን አፍስሶ ለጀማሪ ልጁ የመድረክ ዕቃ ይገዛል! ልጁ እኮ ገና ትዝታን በአንድ እጁ አልተጫወተም።

እስቲ በቁጥር እንነጋገር። ያማሃ ዲኤክስ7 በ1983 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የባለሙያ ዕቃ ነበር። 61 ቁልፍ፣ በአንዴ 16 ኖታ፣ በውስጡ 32 ድምፅ። በቃ! የጀማሪው ፒኤስአር ኢ373 ደግሞ 61 ቁልፍ፣ በአንዴ 48 ኖታ፣ ከ600 በላይ ድምፅ አለው። ታዲያ ምን ጎደለው?

ሻጭ ብዙም የማይነግራችሁ ልዩነት ግን አለ። ከሱ የሚረክሰው ፒኤስአር ኤፍ51ም 61 ቁልፍ ነው፤ ከሩቅ አትለዩዋቸውም። ኤፍ51 ግን የጣት ክብደት አያውቅም። ቀስ ብላችሁ ብትነኩትም፣ ብትደበድቡትም ድምፁ ያው ነው። ልጁ በሱ ላይ ማጥበቅና ማለዘብ የሚባለውን አይማርም። ብር ተበድሮም ቢሆን መጨመር እዚህ ጋ ነው።

እነ ፒኤስአር ኤስኤክስ900 እና ኮርግ ፒኤ? የራስን ምት ያሠራሉ፤ የእያንዳንዱን ኖታ ከፍታ ለይቶ ማስተካከልም ይቻላል። ከማሲንቆ ጋር ለሚጫወት፣ ሠርግ ለሚሠራ ሰው እንጀራው ነው። ለጀማሪ ግን ጌጥ ነው።

እናንተ መምህራን፣ እባካችሁ የወላጅን ኪስ ሳታዩ ሞዴል አትዘዙ። ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም የሚፈልጉት አምስት አምስት ኖታ ነው። የቀረው የጣትና የጆሮ ሥራ ነው፤ እሱን ደግሞ ሱቅ አይሸጥም።