ሰርተፍኬት ሸሃዳ ነው፤ በሐሰት አትመስክር!



ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል እስከ ሽሮ ሜዳ ባለው ሰፈራችን፣ ኮምፒውተር የተማሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፦ «የቱን ሰርተፍኬት ልያዝ?» ጥያቄው ጥሩ ነው። የሚመልሱት ግን ሻጮች ሆነዋል። አንዱ «ሳይበር ሴኩሪቲ በአንድ ወር» ይላል። ሌላው «ክላውድ ካልያዝክ ቀርተሃል» ብሎ ያስፈራራል። ይባስ ብሎ የፈተናውን ጥያቄ ከነመልሱ፣ «ዳምፕ» የሚሉትን፣ በቴሌግራም የሚቸበችብ አለ።

ወንድሜ፣ እህቴ! መጀመሪያ ሥራውን ምረጡ፤ ወረቀቱ ይከተላል። የማትችሉትን እንደምትችሉ የሚመሰክር ወረቀት ግን አትግዙ።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ወሎ ውስጥ ደረሳ ለነሕው ወደ አንዱ ሸህ፣ ለፊቅህ ወደ ሌላው ይጓዝ ነበር፤ የሚፈልገውን ፈን አስቀድሞ ለይቶ። ኢጃዛ የሚያገኘውም ኪታቡን ሸሁ ፊት ከቀራ በኋላ ነው።

አንተስ ምን መሥራት ትፈልጋለህ? የባንክ ቅርንጫፎችን ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚያገናኘውን ኔትወርክ ከሆነ፣ መነሻው የሲስኮ ሲሲኤንኤ ነው። ኮምፒውተር መጠገንና ተጠቃሚን መርዳት ከሆነ፣ ባለ ሁለት ፈተናው የኮምፕቲያ ኤ ፕላስ አለልህ። ፕሮግራመር መሆን ከሆነ፣ ከወረቀት ይልቅ የሠራኸው ሶፍትዌር ይናገርልሃል። ገና ሥራ ሳትጀምር «ሲአይኤስኤስፒ ካልያዝኩ» የምትል ደግሞ ረጋ በል፤ ሙሉ ማዕረጉ የ5 ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ዲግሪ ቢኖርህ የሚቀነስልህ 1 ዓመት ነው።

ገንዘቡንም አስላ። የሲሲኤንኤ ፈተና 300 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ይህ ወደ 17 ሺህ ብር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 30 ሺህ አለፈ። የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ነው፤ ከዚያ ይታደሳል። ይህ ገንዘብ የእናትህ ዕቁብ ሊሆን ይችላል! ስለዚህ መጀመሪያ በነጻ ተማር። በዚያው ሐምሌ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ክፍያ የለውም። የሲስኮ ፓኬት ትሬሰርም በነጻ ይወርዳል፤ አንድ ራውተር ሳትገዛ ኔትወርክ ትለማመድበታለህ። ግን አትሳሳት፦ ኮርስ ስለጨረስክ የሚሰጥህ ወረቀትና ተፈትነህ የምታገኘው ማረጋገጫ አንድ አይደሉም። ቀጣሪው ልዩነቱን ያውቃል።

አሁን ወደ ዳምፑ እንምጣ። «ሁሉም ያደርገዋል፤ ቀጣሪ የሚያየው ወረቀት ነው» ትላለህ። ሰርተፍኬት በዐረብኛ ምን ይባላል? ሸሃዳ፤ ምስክርነት! የሐሰት ምስክርነት ከከባባድ ወንጀሎች መሆኑን ቁርኣን ቤት የገባ ሕፃን ያውቃል። ታዲያ ፈተናው ሲሆን ምን ለወጠው? ሥራውን ሳትችል የምትወስደው ደሞዝስ?

የዱንያ ቅጣትም አለው። ኩባንያዎቹ ከደረሱብህ ውጤትህን ይሰርዛሉ፣ ከፈተና ያግዱሃል። ባይደርሱብህስ? ጠዋት የቅርንጫፉ ኔትወርክ ተቋርጦ ደንበኛ ሲሰለፍ፣ ራውተሩ ወረቀትህን አያነብም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የመጠቀችውን የአገራችንን የመጀመሪያ ሳተላይት የተቆጣጠረው ጣቢያ እዚሁ አናታችን ላይ፣ እንጦጦ ነው። ሳተላይት ለዳምፕ አትታዘዝም!

ዛሬውኑ የምትመኘውን ሥራ 10 የቅጥር ማስታወቂያ ሰብስብ። ደጋግሞ የተጠየቀውን ለይ። አንዱን ብቻ ያዝ፤ ሦስት ጀምረህ ሦስቱንም አትተው። ቀድመህ ያለፍክ ደግሞ ዕውቀትህን ለታናናሾችህ አካፍል፤ ዳምፕ ግን አትላክላቸው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትና ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።